ወታደሩን ሳትጠይቁ ለወታደሩ አትግዙ

ለአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት የመከላከያ በጀት ንዑስ ኮሚቴዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የንዑስ ኮሚቴ አባላት፣

ይህ ደብዳቤ ስለ ገንዘብ ነው። ብዙ ገንዘብ ግን አይደለም። በየዓመቱ ከምታጸድቁት ከ800 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሆነው የመከላከያ በጀት ውስጥ፣ ነገ ብትጠፋ ጋዜጣ የማያነሳት አንዲት ትንሽ መስመር አለች። ወታደር እንዴት እንደሚያስብ፣ እንዴት እንደሚተኛ፣ ከጓዶቹ ጋር እንዴት እንደሚቆራኝ፣ ለምን እንደሚጸናና ለምን እንደሚሰበር የሚጠናባት መስመር ናት። የባህርይ ሳይንስ መሠረታዊ ምርምር ይሏታል። እንዳትነኩብን፣ ከተቻለም ከፍ እንድታደርጉልን ለመጠየቅ ነው የጻፍኩት።

እንግሊዝኛውን ለየቢሮዎቻችሁ ልኬያለሁ። ይሄኛውን በአማርኛ የጻፍኩት የእኛ ሰው እንዲያነበውና እሱም እንዲጠይቃችሁ ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በቴክሳስ ያለው ሐበሻ መራጫችሁ ነው። ልጆቹም ዩኒፎርም ለብሰዋል። አንዳንዱ እዚሁ የተወለደ ነው፤ አንዳንዱ በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርዱ እጁ በገባ ማግስት የተመዘገበ። ማቭኒ የሚባለው የውጭ ዜጎች ምልመላ ከ2009 እስከ 2016 ክፍት በነበረ ጊዜም አማርኛ ሠራዊቱ ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ነበር። እኔም በግሪን ካርድ ገብቼ፣ አፍጋኒስታን ደርሼ የተመለስኩ ነኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እዚያም እዚህም እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።)

ለእኛ ሰው ሲባል ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። የመከላከያ ምርምር በጀት በቁጥር ይከፈላል። 6.1 መሠረታዊ ምርምር ነው፤ ምክንያቱ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው። 6.2 ያንን ዕውቀት ለሥራ የሚያመቻቸው ነው። 6.3 ደግሞ ወደ ዕቃና ወደ አሠራር የሚቀይረው። 6.1 ውስጥ አብዛኛው ገንዘብ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪ፣ ለኮምፒውተር፣ ለአዳዲስ ብረትና ማዕድን ይሄዳል። ለሰው ልጅ ባህርይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እሱም በምድር ጦሩ፣ በባህር ኃይሉና በአየር ኃይሉ የምርምር ቢሮዎች መካከል ይከፋፈላል።

የምድር ጦሩ የባህርይና የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ተቋም ያለው ፎርት ቤልቮር ነው። ከአሌክሳንድሪያ በሩት 1 ወደ ደቡብ የነዳ ሐበሻ ሁሉ በሩ ላይ አልፏል። የዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ምርምር ተቋም ደግሞ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፎረስት ግሌን ነው። ክትፎ በልተን ቡና ከምንጠጣበት ሠፈር የደቂቃዎች መንገድ። እዚያ የሚሠራው ሁሉ 6.1 የሚል ስም የለውም። ሥሩ ግን ከዚያው ነው።

ይህች መስመር ለመቀስ የምትመች ለምንድን ነው? ፋብሪካ ስለሌላት። በ2012 የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሬይመንድ ኦዲየርኖ ምክር ቤት ቀርበው ለጊዜው ተጨማሪ አብራምስ ታንክ አያስፈልገንም ብለው ነበር። ምክር ቤቱ ግን ገንዘቡን ጨመረ። ኦሃዮ፣ ሊማ ከተማ ታንኩን የሚሠራ ፋብሪካ አለ፤ ፋብሪካው ሠራተኛ አለው፤ ሠራተኛው ድምፅ አለው። አልፈርድባችሁም፣ ፖለቲካ ነው። ግን ስለ ወታደር እንቅልፍ የሚያጠና ሰው ሥራውን ቢያጣ የሚዘጋ ፋብሪካ የለም፤ ሰልፍ የሚወጣ ሰውም የለም። ስለዚህ እኔ ልውጣለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከአፍጋኒስታን ስንመለስ አንድ አዳራሽ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡን። ጥያቄዎቹ ከባድ አይደሉም። ቅዠት አለብህ? ድንገት ድምፅ ስትሰማ ትበረግጋለህ? ከሰው መራቅ ያምርሃል? ከጎኔ የነበረው ልጅ ጥያቄውን አያነበውም። ከኋላችን የቆመውን ሳጅን በጎን እያየ “ኖ፣ ኖ፣ ኖ” እያለ ይጫናል። ማታ ማታ በእንቅልፉ እንደሚጮህ አብረነው ያደርን ሁሉ እናውቃለን። ግን አንድ “የስ” ከተጫንክ ወደ ሌላ ክፍል እንደምትወሰድ፣ ሌላው ሚስቱንና ልጆቹን ሊያይ ሲሄድ አንተ ቀጠሮ እንደምትጠብቅ ወሬው ቀድሞ ደርሶናል። ሁላችንም በሃያ ደቂቃ “ጤነኛ” ሆነን ወጣን።

እንግዲህ ያ “ጤነኛ” የሚለው ቁጥር ተደምሮ ወደ ላይ ይወጣል። አዛዦች ያዩታል። እናንተም ታዩታላችሁ። በጀትም ይቆረጥበታል።

ቁጥሩ ውሸት መሆኑ የታወቀው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስላጠናው ነው። ከኢራቅ በተመለሰ አንድ የእግረኛ ብርጌድ ላይ ሐኪሞች ሁለቱንም መንገድ ሞከሩት። ወታደሮቹ እንደ ደንቡ በስማቸው መጠይቁን ሞሉ። ከነሱ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ተመሳሳይ ጥያቄ ስም በማይጻፍበት ወረቀት መለሱ። ስም በሌለው ላይ የጭንቀትና የድብርት ምልክት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብም ጭምር፣ ከ2 እስከ 4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በ2011 ታተመ። አንድ ብርጌድ፣ አንድ ሰሞን፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ። ልዩነቱ ስም መጻፍና አለመጻፍ ብቻ ነበር።

ከዚያ በፊት በ2004 የዋልተር ሪድ ተመራማሪዎች ሌላ ትልቅ ሥራ አውጥተው ነበር። ሦስት የምድር ጦርና አንድ የማሪን ተዋጊ ክፍሎችን ስም በሌለው መጠይቅ ጠየቁ። ኢራቅ ከሄዱት ውስጥ ከ15.6 እስከ 17.1 በመቶው የከባድ ድብርት፣ የጭንቀት ወይም ከጦርነት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ቁስል ምልክት ነበረባቸው። ከመሄዳቸው በፊት በተጠየቁት ላይ 9.3 በመቶ ነበር። እኔን ያስገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ችግሩ ካለባቸው ውስጥ ርዳታ የፈለጉት ከ23 እስከ 40 በመቶው ብቻ ናቸው። “ደካማ ነው ይሉኛል” ብሎ የሚፈራውም ይበልጥ የታመመው ሆኖ ተገኘ። ሐኪም የሚያስፈልገው ሰው፣ ከሐኪም የሚሸሸው ሰው ነው ማለት ነው።

ሐበሻ አንባቢዬ ይህ አዲስ አይሆንብህም። እኛ ቤት “ሆድ ይፍጀው” ይባላል። ልጁ ከግዳጅ ተመልሶ በሩን ዘግቶ ሲውል እናት ለጎረቤት “ደክሞት ነው” ትላለች። አባት ለዕድር ጓደኞቹ ጭራሽ አያነሳውም። አበደ እንዳይባል፣ ነገ ትዳር እንዳያጣ፣ የቤተሰቡ ስም እንዳይነሳ። ጸበል የሚወስደው አለ፤ ዱዓ የሚያስደርግለት አለ። ሁለቱንም አልነቅፍም፤ ብዙ ሰው ተጽናንቶባቸዋል። ግን ይህን ዝምታ ይዞ የሄደ ልጅ፣ ሌላ ዝምታ ያለበት ሠራዊት ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? ዝምታው ይደራረባል ወይስ ሠፈሩ የነሳውን ጓድ ይሰጠዋል? እኔ ግምት አለኝ። በግምት ግን በጀት አይጠየቅም። ይጠና ነው የምለው።

እንዳይጠና የሚያደርግ አንድ ተራ ምክንያትም አለ። ፎርሙ ላይ የእኛ ልጆች “ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን” የሚል ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። አላባማ የተወለደውና ጎንደር የተወለደው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። በየትኛው ቋንቋ ያልማሉ፣ በስንት ዓመታቸው አሜሪካ ገቡ፣ ደሞዛቸውን ለማን ይልካሉ የሚል ጥያቄ ከሌለ የማንኛቸውም ታሪክ አይታይም። ወር በገባ ቁጥር ለእናቱ ብር የሚልክ የ20 ዓመት ወታደር ጭንቀቱ ከባልንጀራው የተለየ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ አንድ ሁለት ጥያቄ መጨመር ይበቃል። የሚጨምረው ግን ጊዜና ገንዘብ ያለው ተመራማሪ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው “ቆይ፣ ሠራዊቱ ስደተኛን ሲያጠና ምን እንዳመጣ ረሳህ?” ቢለኝ ልክ ነው። አልረሳሁም። ይህን ታሪክ ሳያነሳ ስለዚህ ምርምር የሚሟገት ሰው እንዲያውም አላምነውም።

በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሮበርት የርክስ የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ ለሠራዊቱ የማሰብ ችሎታ መለኪያ አዘጋጁ። ወደ 1.7 ሚሊዮን ሰው ተፈተነ። እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚችለው አልፋ፣ ለማይችለው ቤታ። ቤታ የተሠራው እንግዲህ ማንበብ ላልተማረውና ከጣሊያን፣ ከፖላንድ፣ ከሩሲያ ለመጣው ስደተኛ ነው። በምልክት እየታዘዘ፣ እርሳስ ይዞ በማያውቅ እጁ፣ ስዕል ላይ የጎደለውን እንዲሞላ ይጠየቃል። አንዱ ስዕል የቴኒስ ሜዳ ነው፤ የጎደለው መረቡ ነው። ሌላው ሸክላ ማጫወቻ ነው፤ የጎደለው የድምፅ ማውጫ ቀንዱ ነው። ከሲሲሊ ገጠር የመጣ ገበሬ ቴኒስ የት አይቶ ያውቃል? መረቡን ካልሣለ ግን የማሰብ ችሎታው ዝቅተኛ ተብሎ ተመዘገበ።

ካርል ብሪገም የተባለ የፕሪንስተን ምሁር ይህንኑ ቁጥር ይዞ በ1923 ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡት በተፈጥሯቸው ያነሱ ናቸው ብሎ ጻፈ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ስደተኛ የተሻለ ነጥብ እንደሚያመጣ መረጃው ራሱ ያሳይ ነበር። ፈተናው ቋንቋንና ልምድን እየለካ እንደሆነ ከዚህ በላይ ምን ይመሰክራል? እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ አለፈው። በ1930 ያንን ድምዳሜውን ራሱ ሻረ። ሕጉ ግን በ1924 ወጥቶ ነበር። የስደተኛ ኮታው ሕግ በዚህ ፈተና ብቻ መጣ አልልም፤ ቀድሞውንም የሚገፉት ነበሩ። ቁጥሩ ግን የዘመኑ መከራከሪያ ሆኖላቸዋል። በዚያ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። የዛሬውን የሐበሻ ሰንበት በሲልቨር ስፕሪንግ ያየ ሰው ይህን ቁጥር ይዞ ትንሽ ይሳቅ።

ይህ ታሪክ ምርምር ይቁም የሚል መከራከሪያ ለምን እንደማይሆነኝ ልንገራችሁ። የርክስን ያበላሸው ጥድፊያው ነው። ጦርነት ላይ ነን፣ ቶሎ ለዩልን ተባለ። መለኪያው ምን እንደሚለካ ሳይታወቅ ሰው ተለካበት። መሠረታዊ ምርምር ማለት ደግሞ መለኪያውን ራሱን መፈተን ነው። ሊጡ ሳይቦካ የተጋገረ እንጀራ ሆድ ያማል፤ የ1917ቱም ያ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራውን እዩት። ሳሙኤል ስታውፈር የሚባሉ የሶሺዮሎጂ ምሁር የመሩት ቡድን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወታደር ጠየቀ። ስም ሳያስጽፍ፣ አለቃ ሳያስቆም። ማን ደስተኛ ነው፣ ማን ተማሯል፣ ለምን? ያገኙት ነገር ዛሬም ይገርማል። በወታደራዊ ፖሊስ ውስጥ ማዕረግ ማግኘት ከባድ ነበር፤ በአየር ጓዱ ውስጥ ቀላል። ስለ ዕድገት ይበልጥ ያማረሩት ግን የአየር ጓዱ ልጆች ናቸው። ሰው የሚለካው ራሱን ከጎኑ ካለው ጋር ነውና፣ ጓደኛው ሁሉ ሲሾም የቀረው ይከፋዋል። ማንም ካልተሾመ ግን ማን ይከፋዋል? ይህን ማንም ጄኔራል ቢሮው ተቀምጦ አይገምተውም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ማን ቀድሞ ወደ ቤቱ ይሂድ የሚለው ጥያቄም በዚሁ መንገድ ነው የተፈታው። ወታደሩን ጠየቁት። በመልሱ ላይ ተመሥርቶ የነጥብ አሠራር ወጣ፤ ለአገልግሎት ወር ነጥብ፣ ለባህር ማዶ ወር ነጥብ፣ ለሜዳልያ 5፣ ለአንድ ልጅ 12፤ 85 የሞላለት ይሄዳል። ሁሉንም አላስደሰተም። ግን አብዛኛው “ፍትሕ አለው” ብሎ ተቀበለው፤ የራሱ ሐሳብ ነበረበታ።

አንዱን ደግሞ በተለይ ለእኛ ላንሳው። በ1945 መጀመሪያ ላይ፣ የሰው እጥረት ሲበረታ፣ ጥቁር ወታደሮች በፕላቱን በፕላቱን ሆነው ከነጮች ሻምበሎች ጋር ተደባልቀው ተዋጉ። የስታውፈር ቡድን ነጮቹን ወታደሮች ጠየቀ። ጥቁር ፕላቱን አብሮኝ ቢሆን በጣም እጠላለሁ ያለው፣ አብሯቸው ባልኖረው ዘንድ 62 በመቶ ነበር። አብሯቸው በተዋጋው ሻምበል ውስጥ 7 በመቶ። አንብቡት በድጋሚ፤ 62 እና 7። ሠራዊቱ ውጤቱን ወዲያው ለሕዝብ አላወጣውም፤ ፈርቶት ነበር። ሆኖም ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1948 የዘር መለያየቱ እንዲቀር ትእዛዝ ሲፈርሙ “አይሠራም” ለሚለው ሁሉ መልሱ በመዝገብ ተቀምጦ ነበር። እኔ ከቴነሲ ልጅ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ያደርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የቅርቡን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። በሠራዊቱ ውስጥ ራስን ማጥፋት በበዛ ጊዜ በ2009 ሁለት ነገር ተጀመረ። አንደኛው ወታደሩን ሁሉ መንፈሰ ጠንካራ ያደርጋል የተባለ ሥልጠና ነው። መነሻው ለትምህርት ቤት ልጆች የተዘጋጀ ፕሮግራም ነበር። ጦርነት ላይ ላለ ወታደር ይሠራ እንደሆነ በትንሹ ሳይሞከር፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመድቦለት ለመላው ሠራዊት ግዴታ ሆነ። እኛም ወስደነዋል። ስላይዱን እያየን ያንቀላፋን ብዙ ነን። በ2014 የሕክምና ተቋሙ፣ ማለትም የብሔራዊ አካዳሚዎቹ ክንፍ፣ የመከላከያ ሚኒስቴርን እንዲህ ዓይነት የመከላከል ፕሮግራሞች መርምሮ ብዙዎቹ በቂ ማስረጃ እንደሌላቸውና በአግባቡ እንዳልተገመገሙ ተናገረ።

ሁለተኛው አርሚ ስታርስ የሚባለው ጥናት ነው። ሠራዊቱና ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም አብረው 65 ሚሊዮን ዶላር መደቡለት። አንድ ኤፍ-35 ተዋጊ ጀት ከዚህ ይበልጣል። ጥናቱ ካወጣቸው ነገሮች አንዱ ሁላችንንም አስደንግጧል። ራስን የማጥፋት መጠን የጨመረው ኢራቅና አፍጋኒስታን በሄዱት ላይ ብቻ አልነበረም። ጭራሽ ያልዘመቱትም ላይ ጨምሯል። ሁሉም ሰው መልሱን ጦር ሜዳ ሲፈልግ ነበር። ካምፕ ውስጥ የቀረው ልጅ በዝምታ ሲጠፋ ማን አየው? ያየው ጥናቱ ነው።

ስለ እንቅልፍ አጭር ነገር ልበልና ልለፍ። የዋልተር ሪድ ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ሥራ በጎ ፈቃደኞችን ከፋፍለው ለሰባት ሌሊት አልጋ ላይ የሚቆዩበትን 3፣ 5፣ 7 ወይም 9 ሰዓት አደረጉት። እንቅልፍ የተቀነሰባቸው፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ሌሊት 8 ሰዓት ቢሰጣቸውም ንቃታቸው ወደ ቦታው አልተመለሰም። “ቅዳሜና እሁድ አካክሰዋለሁ” የሚለው ነገር ሐሰት ነው ማለት ነው፤ ኡበር ነጂ ወገኖቼም ብትሰሙ ጥሩ ነው። በ2017 ፊትዝጄራልድና ጆን ኤስ. ማኬይን የተባሉት የጦር መርከቦች በሁለት ወር ልዩነት ከንግድ መርከብ ጋር ተጋጭተው 17 መርከበኞች ሞቱ። ከምክንያቶቹ አንዱ ድካም ነበር። መርከበኞች በሳምንት ከ100 ሰዓት በላይ ሥራ ላይ እንደሚሆኑ ታውቆ ነበር። ሞንተሬይ ያለው የባህር ኃይሉ ትምህርት ቤት ከአደጋው በፊት ለዓመታት የጥበቃ ተራ ከሰውነት ሰዓት ጋር እንዲሄድ ሲያጠናና ሲመክር ነበር። ትእዛዙ በመርከቦቹ ሁሉ የወረደው ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ ነው። ምርምሩ ስለነበረ ግን ቢያንስ የሚታዘዝ ነገር ተገኘ።

ገንዘቡን ስጡ ስል ዝም ብላችሁ ስጡ ማለቴ አይደለም። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ኤጅውድ ላይ ከ1955 እስከ 1975 ወደ 7,000 የሚሆኑ ወታደሮች ላይ ኤልኤስዲን ጨምሮ አደገኛ ኬሚካልና መድኃኒት ተሞክሯል። ብዙዎቹ ምን እየተሰጣቸው እንደሆነ በትክክል አልተነገራቸውም። ወታደር ትእዛዝ መቀበል የለመደ ሰው ነው። “ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ” ሲባል ፈቃዱ የቱ ላይ እንደሚያልቅ፣ ትእዛዙ የቱ ላይ እንደሚጀምር አያውቅም። ዛሬ ወታደሮች በጥናት እንዲሳተፉ ሲጠየቁ አለቃቸው ክፍሉ ውስጥ እንዳይገኝ የሚከለክል ደንብ አለ። ጥሩ ደንብ ነው። የሚያስከብረው ሰው ግን ደሞዝ ይፈልጋል፤ ይህም ከዚያው መስመር ይውጣ።

በመጋቢት 2025 መከላከያ ሚኒስቴሩ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምሩን እንደሚያቆም አስታውቆ 91 ጥናቶችን ሰረዘ። በመጀመሪያው ዓመት ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይድናል ተባለ። አብሮ የተዘጋው ሚነርቫ የሚባለው ፕሮግራም ስለ ሌላው ዓለም ማኅበረሰብ እንጂ ስለ ወታደሩ አልነበረም፤ ስለዚህ ይኼ የኔ ጉዳይ አይደለም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን “ሰውን ማጥናት ትርፍ ነገር ነው” የሚለው ሐሳብ አንዴ ቢሮ ከገባ፣ ነገ ወደ ወታደሩ እንደሚዞር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የምጠይቀው ይህ ነው። የወታደሩ ባህርይ ምርምር በጀት 6.1 ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፤ ከፊዚክሱ ጋር ተቀላቅሎ በተቆረጠ ቁጥር መጀመሪያ የሚሄደው እሱ እንዳይሆን። ወታደርን ከምልመላ እስከ ስንብት የሚከተል ጥናት በአንድ ዓመት በጀት አይሠራም፤ ለአምስት ዓመት ቃል የሚገባ ገንዘብ ይሁን። ለመላው ሠራዊት ግዴታ የሚሆን ማንኛውም የአእምሮ ጤና ሥልጠና መጀመሪያ በጥቂት ክፍሎች ተሞክሮ፣ ከአቅራቢው ድርጅት ነፃ በሆነ ሰው ተገምግሞ ካልመጣ ገንዘብ አትልቀቁለት።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ለጥናት የተሰጠ መልስ ወደ ወታደሩ የግል ማኅደር፣ ወደ አዛዡ ጠረጴዛ፣ ወደ ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ (ምሥጢራዊ መረጃ የማየት ፈቃድ) መርማሪው እንዳይሄድ በሕግ አጥሩት። ያ አጥር ከሌለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ልጁ ሳጅኑን በጎን እያየ “ኖ” ይላል፤ እናንተም ያንን “ኖ” በብዙ ሚሊዮን ዶላር ትገዛላችሁ። መጠይቆቹ ላይም የትውልድ አገርና የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይጨመር። የስደተኛ ልጅ ይህን ሲጠየቅ ሌላ ነገር እንዳይጠረጥር፣ መልሱ ለኢሚግሬሽን ባለሥልጣን እንደማይተላለፍ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፍለት።

ለሐበሻ አንባቢም አንዲት ሥራ አለችኝ። የምክር ቤት ተወካይህ ቢሮ ስልክ የሚያነሳ ሰው አለው። ለቪዛ ጉዳይ ደውለህ ታውቃለህ። አሁን ደግሞ ደውለህ “ተወካያችን ስለ ወታደሮች የባህርይ ሳይንስ መሠረታዊ ምርምር በጀት ምን አቋም አላቸው?” በል። ስልኩን ያነሳችው ልጅ አታውቀውም። ጽፋ ትይዘዋለች። ሁለተኛ ሰው ሲደውል ታስታውሰዋለች፤ አምስተኛው ሲደውል ለአለቃዋ ትነግራለች።

እናንተ የኮሚቴ አባላት ደግሞ በሚመጣው የበጀት ችሎት የሦስቱን የጦር ክፍሎች የምርምር ኃላፊዎች ስታገኙ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። ዘንድሮ 6.1 ውስጥ ለወታደሩ ባህርይ ጥናት የዋለው ገንዘብ ስንት ነው፣ አምና ስንት ነበር? መልሱን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ቀን ቁረጡላቸው፤ ሲደርሳችሁም ለሕዝብ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀድሞ የአሜሪካ ምድር ጦር ወታደር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ